የቨርጂኒያን ታሪካዊ ቦታዎች ስለ መጎብኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ጠጣሩ የተደረደሩ ሲሆን፣ ወራቱና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቨርጂኒያ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ታሪካዊ ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?

ቦታዎቹ ብዙ ስለሆኑ በአካባቢ ከፍሎ ማሰብ ይቀላል። በሰሜን፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ፣ የአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር፣ ኦልድ ታውን የሚባለው የአሌክሳንድሪያ አሮጌ ሰፈር፣ የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ የነበረው ማውንት ቨርነንና የእርስ በርስ ጦርነቱ የማናሰስ የጦር ሜዳ ይገኛሉ። ወደ መሐል አገር ሲገባ ሻርለትስቪል አጠገብ የቶማስ ጄፈርሰን ቤት ሞንቲቼሎ፣ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰን ቤት ሞንትፒሊየር አለ። በደቡብ ምሥራቅ ጄምስታውን፣ ዊሊያምስበርግና ዮርክታውን ተቀራርበው የሚገኙ ሲሆን፣ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ባሕሩ ዳር ላይ ፎርት መንሮ የሚባለው ምሽግ ይገኛል። ዋና ከተማው ሪችመንድ በሰሜኑና በደቡብ ምሥራቁ መካከል ነው፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡቡ ጄኔራል ሊ እጁን የሰጠበት አፖማቶክስ ደግሞ ለብቻው ወደ ምዕራብ ራቅ ይላል።

ስምንት የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የተወለዱት በዚህ ግዛት ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ፕሬዚዳንቶች አራቱ ከዚህ ናቸው። ለዜግነት ፈተና የሚያጠና ሰው የአገሪቱን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትና የነጻነት አዋጁን ጸሐፊ ስም ከመሸምደድ ይልቅ ማውንት ቨርነንንና ሞንቲቼሎን በሁለት ቅዳሜ ቢያይ መልሱ ከአእምሮው አይጠፋም።

ስንት ቀን ያስፈልጋል?

ሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ማውንት ቨርነን የአንድ ቀን፣ ሞንቲቼሎ ደግሞ በማለዳ ተነሥቶ አምሽቶ የሚመለሱበት ጉዞ ነው። ጄምስታውን፣ ዊሊያምስበርግና ዮርክታውን ግን ከዲሲ 150 ማይል ያህል ስለሚርቁ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሌሊት እዚያው ማደር ይሻላል። ሦስቱን የሚያገናኘው 23 ማይል የሚረዝመው ኮሎኒያል ፓርክዌይ ራሱ የጉብኝቱ አካል ነው፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ የለበትም፣ የጭነት መኪና አይገባበትም፣ በዛፎችና በወንዝ ዳር እየተጠማዘዘ ይሄዳል።

በአንድ ቀን ከሁለት ቦታ በላይ ማቀድ አይመከርም። አርብ ከሰዓት በኋላ በኢንተርስቴት 95 ወደ ደቡብ ከመውጣት ደግሞ ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነሣት ይበልጣል፤ አርብ መንገድ ላይ ያለቀውን ሦስት ሰዓት የሚመልስ የለም።

መግቢያው ይከፈልበታል? ዓመታዊው የብሔራዊ ፓርኮች ፓስስ በሁሉም ቦታ ይሠራል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የቦታው ባለቤት ማንነት ስለሆነ፣ ከመሄድ በፊት ማጣራት ያለበት እርሱ ነው። በፌደራል መንግሥቱ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ካሉት የቨርጂኒያ ታሪካዊ ቦታዎች አብዛኞቹ፣ ማለትም ማናሰስ፣ ፍሬድሪክስበርግ፣ ፒተርስበርግ፣ አፖማቶክስና ፎርት መንሮ፣ መግቢያ አይጠይቁም። ጄምስታውን ደሴትና የዮርክታውን የጦር ሜዳ ያስከፍላሉ፤ ፓስ የሚያገለግለው በእንዲህ ያሉት ነው። ፓሱ ለአሜሪካ ነዋሪ 80 ዶላር ሲሆን፣ ክፍያው በነፍስ ወከፍ በሆነበት ቦታ ባለፓሱን ጨምሮ አራት አዋቂዎችን ያስገባል፤ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ያለ ፓስም በነጻ ይገባሉ። ከውጭ አገር ለሚመጣ እንግዳ የፓሱ ዋጋ ከ2026 ጀምሮ ከፍ ስላለ፣ ለዘመድ ብሎ ከመግዛት በፊት ማስላት ያስፈልጋል።

ማውንት ቨርነን ግን የመንግሥት አይደለም። በ1858 ቤቱን ከዋሽንግተን ወራሽ በ200,000 ዶላር ለመግዛት የተዋዋለው የሴቶች ማኅበር እስከ ዛሬ ባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ ፓሱ በሩ ላይ ዋጋ የለውም። ሞንቲቼሎን ከ1923 ጀምሮ የሚያስተዳድረውም የግል ድርጅት ነው። በሁለቱም ቦታ የቤቱን ውስጥ ለማየት ሰዓት የተወሰነለት ትኬት ስለሚያስፈልግ አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ይገባል። ከአገር ቤት ለመጡ ወላጆች፣ ትኬቱ ላይ ከሰዓት 2:30 የተጻፈው በእኛ ስምንት ሰዓት ተኩል መሆኑን ደግሞ መንገር አይከፋም።

መኪና የሌለው ሰው የትኞቹን ማየት ይችላል?

አርሊንግተን የራሱ የሜትሮ ጣቢያ አለው፤ ሰማያዊው መስመር በሩ ላይ ያደርሳል። ወደ ማውንት ቨርነን ከሀንቲንግተን ሜትሮ ጣቢያ የፌርፋክስ ካውንቲ አውቶቡስ የሚሄድ ሲሆን፣ ብስክሌት ለሚወድ ሰው ከአሌክሳንድሪያ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚወስድ መንገድ አለ። አምትራክ ባቡር አሌክሳንድሪያ፣ ማናሰስ፣ ፍሬድሪክስበርግ፣ ሪችመንድ፣ ዊሊያምስበርግና ሻርለትስቪል ላይ ይቆማል። ከእነዚህ ውስጥ ከባቡር ወርዶ በእግር ወደ ታሪካዊው ሰፈር ለመግባት የሚመቹት ፍሬድሪክስበርግና ዊሊያምስበርግ ናቸው። የማናሰስ ጣቢያ ከጦር ሜዳው ማይሎች ይርቃል፤ ሞንቲቼሎም ተራራ ላይ ስለሆነ ታክሲ ይጠይቃል። አፖማቶክስ ያለ መኪና አይታሰብም።

የትኛው ወቅት ይመረጣል? ምን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል?

ሚያዝያና ጥቅምት ይመረጣሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ስለሚመጣ፣ ጥላ በሌለው የጦር ሜዳ ላይ እኩለ ቀን ላይ መንከራተት ለሽማግሌም ለሕፃንም ይከብዳል። በሣር ውስጥ የሚሄድ ሰው ረጅም ሱሪ ለብሶ፣ ማታ ሰውነቱን ለመዥገር መፈተሽ አለበት፤ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ማሳሰቢያ አይደለም፣ የቨርጂኒያ መዥገር የላይም በሽታን ታስተላልፋለች። የፌደራል ቦታዎች በምስጋና ቀን፣ በታኅሣሥ 25 እና በአዲስ ዓመት ቀን ብዙውን ጊዜ ይዘጋሉ፤ ማውንት ቨርነን ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

በጾም ወቅት የሚጓዝ ሰው ምሳውን ከቤት ይያዝ። በገጠሩ መንገድ ላይ የጾም ምግብ ሲባል የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ የድንች ጥብስ ብቻ ነው። መብላት የሚፈቀደው ለሽርሽር በተከለሉ ጠረጴዛዎች አካባቢ እንጂ በመካነ መቃብሮች ውስጥ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል።

ልጆች አይሰለቹም?

በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ባሉት ቦታዎች ሲደርሱ መጀመሪያ ወደ ጎብኚዎች ማዕከል ገብተው የጁኒየር ሬንጀር (የትንሹ ፓርክ ጠባቂ) ደብተር ይጠይቁ። ልጁ በግቢው እየዞረ ጥያቄዎቹን ይሞላል፣ ሲመለስ ሬንጀሩ ደብተሩን አይቶ ቀኝ እጁን አስነሥቶ ቃል ያስገባውና ባጅ ይሰጠዋል። የሰባት ዓመት ልጄ አፖማቶክስ ላይ ባጁን ለማግኘት ሲል ከእኔ ይልቅ ሰሌዳዎቹን በትኩረት አንብቦ፣ ወደ መኪናው ስንመለስ ያሳለፍኩትን ቤት እየጠቆመ ያርመኝ ነበር። ዊሊያምስበርግ ደግሞ አንጥረኛው ብረት ሲቀጠቅጥ፣ አታሚው ፊደል ሲደረድር በቅርብ ስለሚታይ ለልጅ ከሁሉ ይመቻል።

ለምን ሁለት ጄምስታውን አለ? የትኛው ነው እውነተኛው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ያልፈለግሁት ቦታ ገብቼ ነው የወጣሁት። እንግሊዞች በግንቦት 1607 የሰፈሩበት ደሴት ሂስቶሪክ ጄምስታውን ይባላል። ከዚያ አንድ ማይል ያህል ርቆ የሚገኘው ጄምስታውን ሴትልመንት ደግሞ የቨርጂኒያ ግዛት ያሠራው ሙዚየም ሲሆን፣ በእርሱ ዘንድ የሦስቱ መርከቦች፣ የሱዛን ኮንስታንት፣ የጎድስፒድና የዲስከቨሪ አምሳያዎች እንዲሁም በአምሳያነት የተሠራ ምሽግ ይታያሉ። ትኬታቸው የተለያየ ነው። የዮርክታውንም ነገር እንዲሁ ነው፦ በጥቅምት 1781 የእንግሊዙ ጄኔራል ኮርንዋሊስ ሠራዊት እጁን የሰጠበት ሜዳ የፌደራል፣ የአሜሪካ አብዮት ሙዚየሙ ግን የግዛቱ ነው።

ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሴትልመንት ይሻላል፤ መርከቡ ላይ ይወጣል፣ ይነካል፣ ይጠይቃል። ታሪኩ የተፈጸመበትን አፈር መርገጥ ለሚፈልግ ግን ደሴቱን የሚተካ የለም። የመጀመሪያው ምሽግ በወንዙ ተበልቶ ጠፍቷል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቶ፣ በ1994 የተጀመረው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ አብዛኛው ክፍል መሬት ውስጥ እንዳለ አረጋገጠ። ቁፋሮው ዛሬም ስለሚቀጥል፣ ጎብኚው ከገመድ ወዲህ ቆሞ ባለሙያዎቹ አፈር ሲነፉ ማየት ይችላል። በ1609 መጨረሻ የጀመረው የረሀብ ክረምት ምን ያህል የከፋ እንደነበር የሚመሰክረው፣ ሥጋዋ በቢላ የተከተፈ የአንዲት ልጃገረድ የራስ ቅል የተገኘው እዚሁ ነው። የደሴቱ መግቢያ ሁለት ክፍያ አለው፤ አንዱ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት፣ ሌላው የመሬቱን ከፊል የያዘው የግል ማኅበር ነው፤ ፓሱ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የሚታዩት ቤቶች የጥንቶቹ ናቸው ወይስ እንደ ገና የተሠሩ?

ሁለቱም አሉ፤ ይህንን ጥያቄ በእያንዳንዱ በር ላይ መጠየቅ ነውር የለውም። ለአክሱምና ለላሊበላ ዓይን የሦስት መቶ ዓመት የእንጨት ቤት እንደ ትናንት ሊቆጠር ይችላል፤ ነገር ግን እንጨት በእሳትና በምስጥ በሚያልቅበት አገር ከዚያ ዘመን የቆመ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። ዊሊያምስበርግ ከ1699 እስከ 1780 ዋና ከተማ ከነበረ በኋላ ተዘንግቶ ነበር፤ በ1926 በጆን ሮክፌለር ልጅ ገንዘብ እድሳቱ ሲጀመር 80 ከሚበልጡት የጥንት ሕንፃዎች ሌላ ብዙዎቹ በመሠረታቸው ላይ እንደ ገና ታነጹ። የአገረ ገዢው ቤተ መንግሥት በ1781 ተቃጥሎ ስለነበር፣ መሐንዲሶቹ የተመሩት በመሠረቱ ቁፋሮ፣ ጄፈርሰን በእጁ በሣለው የወለል ፕላንና በእንግሊዝ አገር በአንድ ቤተ መጻሕፍት በተገኘ የመዳብ ቅርጽ ሥዕል ነው። ጎዳናውን በእግር መዘዋወር በነጻ ሲሆን፣ ትኬት የሚያስፈልገው ወደ ሕንፃዎቹ ለመግባት ነው።

ማውንት ቨርነን በአንጻሩ ዋሽንግተን የኖረበት ቤት ነው፤ ሆኖም ከሩቅ የድንጋይ ግንብ የሚመስለው ግድግዳ ቀርበው ሲያዩት ጠርዙ ተከርክሞ እንደ ጥርብ ድንጋይ የተደረደረ የጥድ ሳንቃ ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ስለሚረጭበት ሻካራ ሆኗል። በመተላለፊያው ላይ ፈረንሳዊው የጦር ጓዱ ላፋየት የላከለት፣ በፓሪስ የነበረው የባስቲል እስር ቤት ቁልፍ ተሰቅሏል። ብዙ ጎብኚ ጣሪያውን እያየ ሳያየው ያልፋል።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ያበቃው አፖማቶክስ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው?

አይደለም። አፖማቶክስ ኮርት ሀውስ የመንደሩ ስም ነው፤ በቨርጂኒያ የካውንቲ መቀመጫ የሆኑ መንደሮች በዚያ መልክ ይጠሩ ነበር። የደቡቡ ጄኔራል ሊ ለሰሜኑ ጄኔራል ግራንት ሚያዝያ 9 ቀን 1865 እጁን የሰጠው ዊልመር መክሊን የተባለ ነጋዴ ሳሎን ውስጥ ነው። መክሊን ቀድሞ ማናሰስ አጠገብ ይኖር የነበረ ሲሆን፣ በ1861 የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ እርሻው ላይ ስለደረሰበት ከጦርነት ለመሸሽ ወደዚህ ሩቅ መንደር መጥቶ ነበር። ዛሬ የሚታየው ቤት እንደ ገና የቆመ ነው፤ በ1893 ዋሽንግተን ወስዶ ሙዚየም ለማድረግ ተፈታትቶ፣ ሐሳቡ ሳይፈጸም እንጨቱና ጡቡ ሜዳ ላይ በመቅረቱ ነው።

ወደ አርሊንግተን መካነ መቃብር ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

መግቢያው በነጻ ነው፤ አዋቂዎች ፎቶ ያለው መታወቂያ ይዘው በፍተሻ ያልፋሉ። ቦታው ዛሬም ቀብር የሚፈጸምበት ስለሆነ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ ምግብ አለመብላትና በመቃብሮች መካከል ለፎቶ አለመጋደም ግዴታ ነው። የሠርግ ፎቶ ለማንሳት የሚያስቡ ሙሽሮችና ሚዜዎች ሌላ ቦታ ይፈልጉ። የማይታወቀው ወታደር መቃብር ጠባቂዎች ከሚያዝያ እስከ መስከረም በየግማሽ ሰዓቱ፣ በቀሩት ወራት በየሰዓቱ ይቀያየራሉ፤ በመካከሉ ጠባቂው 21 እርምጃ ሄዶ ለ21 ሰከንድ ይቆማል።

የፕሬዚዳንት ኬኔዲ መቃብር ላይ ለሚደርስ ኢትዮጵያዊ የሚታወስ ነገር አለ፤ ኅዳር 25 ቀን 1963 በተፈጸመው ቀብር ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዋይት ሀውስ እስከ ካቴድራሉ አስከሬኑን በእግር ከሸኙት የአገር መሪዎች አንዱ ሆነው፣ እዚህም ቆመዋል። ከኮረብታው በላይ ያለው ቤት የጄኔራል ሊ ሚስት ርስት ነበር፤ መካነ መቃብሩን ሠራዊቱ፣ ቤቱን ግን የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ያስተዳድራል። ጊዜ ያለው ሰው እስከ ክፍል 27 ይሂድ። እዚያ ከወታደሮቹ ጎን ከባርነት ያመለጡና ነጻ የወጡ ሰዎች የተቀበሩ ሲሆን፣ በማዕረግ ምትክ ድንጋያቸው ላይ ሲቪል ወይም ዜጋ የሚል ቃል ተቀርጿል።

የጥቁሮችን ታሪክ ለማየት የት መሄድ ይሻላል?

መጀመሪያ ፎርት መንሮ። በነሐሴ 1619 ከአንጎላ የተወሰዱ ሃያ ያህል አፍሪካውያን በእንግሊዝ መርከብ የደረሱት በዚህ የባሕር ጫፍ ነው። በግንቦት 1861 ደግሞ ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪና ጄምስ ታውንሰንድ የተባሉ ሦስት በባርነት የተያዙ ሰዎች ሌሊት በጀልባ ወደ ምሽጉ ሸሽተው፣ የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል በትለር አልመልሳቸውም አለ፤ ወሬው ሲሰማ ሺዎች ተከተሏቸው። የባርነቱ መጀመሪያና የመጨረሻው መጀመሪያ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆምበት እንዲህ ያለ ግቢ በአገሪቱ ሁሉ ሌላ አላውቅም። ወፍራሙን የድንጋይ ግንብና በዙሪያው ያለውን የውኃ ቦይ እየዞሩ ማየት ይቻላል።

በፋርምቪል ያለው የሞተን ሙዚየም የሚገኘው፣ በሚያዝያ 23 ቀን 1951 የ16 ዓመቷ ባርባራ ጆንስ ተማሪዎቹን ለአድማ ያስነሣችበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ከዚያ የተነሣው ክስ በ1954 የዘር መለያየትን በትምህርት ቤት ካስቀረው ፍርድ ጋር ተቀላቀለ። ሪችመንድ ላይ በ1903 ባንክ የመሠረተችው የማጊ ዎከር ቤት አለ። አሌክሳንድሪያ ለሚኖር ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ብዙዎቻችን ለሥራና ለገበያ የምንመላለስበት ዱክ ጎዳና ቁጥር 1315፣ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ነጋዴዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ደቡብ የሸጡበት ቤት ሲሆን ዛሬ ሙዚየም ነው። በዋሽንግተን ጎዳና ደቡባዊ ጫፍ ያለው የነጻ ወጪዎች መካነ መቃብርም እንዲሁ፤ ላዩ ላይ ነዳጅ ማደያ ተሠርቶበት ለአሥርተ ዓመታት ከኖረ በኋላ፣ ማደያው ፈርሶ በ2014 መታሰቢያ ቆሞበታል።

የፕሬዚዳንቶቹ ቤቶች ስለ ባርነት በግልጽ ይናገራሉ?

ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይናገራሉ፤ ሆኖም ልዩነቱ ጎብኚው በመረጠው ጉብኝት ላይ ነው። ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት በማውንት ቨርነን 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር፤ በኑዛዜው ነጻ ሊያወጣቸው የቻለው የራሱን 123 ብቻ ነው። ጄፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ከሞተ በኋላ በጥር 1827 ዕዳውን ለመክፈል 130 ሰዎች በሞንቲቼሎ ሣር ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጡ። ቤቱን ብቻ የሚያይ ሰው አንዱ ሲከፈት ሌላውም አብሮ የሚከፈተውን በርና የሰዓቱን ገመድ አድንቆ ሊወጣ ስለሚችል፣ ስለ ባርነት የተለየውን የውጭ ጉብኝት መጨመር አለበት። ከሦስቱ ይህን ነገር በድፍረት የያዘው ሞንትፒሊየር ይመስለኛል፦ ከቤቱ ሥር ባሉት ክፍሎች ውስጥ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ሕፃናት ያስቀሩት የጣት አሻራ ያለባቸው ጡቦች ይታያሉ።

በጦር ሜዳ ላይ ያገኘሁትን ጥይት መውሰድ እችላለሁ? ድሮንስ?

በፌደራል መሬት ላይ አይቻልም። የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ መገኘት በራሱ ጥፋት ሲሆን፣ ቅርስ ቆፍሮ ማውጣት በ1979 በወጣው ሕግ እስራትና የገንዘብ ቅጣት ያስከትላል። አፈር የለበሰች አንዲት የእርሳስ ጥይት ምንም አትመስልም፤ ነገር ግን የወደቀችበት ቦታ የተኩሱን መስመር ለአርኪዮሎጂስት ስለምትነግር፣ ከቦታዋ ከተነሣች ዝም ትላለች። አንድ ነገር መሬት ላይ ያየ ሰው ሳይነካ ቦታውን ምልክት ይዞ ለሬንጀር ይንገር። ድሮን ማስነሣትም በብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ክልክል ነው። ውጊያዎቹ የተደረጉበት ብዙ መሬት በግል ባለይዞታዎች እጅ ስላለ፣ አጥር ከማለፍ በፊት የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሪችመንድ ላይ የነበሩት የኮንፌዴሬት (በእርስ በርስ ጦርነቱ የተገነጠለው የደቡብ ወገን) መሪዎች ሐውልቶች የት ሄዱ?

አሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ይዞ የሚሄድ ሰው ሞኑመንት ጎዳና ላይ ባዶ አደባባይ ያገኛል። የጃክሰን፣ የስቱዋርትና የዴቪስ ሐውልቶች በ2020 ሰኔና ሐምሌ፣ በ1890 የቆመው ትልቁ የሊ ሐውልት ደግሞ መስከረም 8 ቀን 2021 ተነሥተዋል። የኮንፌዴሬቶቹን ፕሬዚዳንት የጄፈርሰን ዴቪስን ሐውልት ሰልፈኞች ከመሠረቱ ጥለውት ስለነበር፣ ቫለንታይን የተባለው የከተማው ሙዚየም በ2022 ከነቀለሙና ከነጥርመሳው በጀርባው አስተኝቶ ለእይታ አቀረበው፤ ሐውልቱን የሠራው የኤድዋርድ ቫለንታይን ስቱዲዮም በዚሁ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ነው። ስለ መነሣታቸው የከተማው ሰው ዛሬም በአንድ ቃል አይናገርም፤ አስጎብኚን መጠየቅ ይቻላል፣ መልሱ ግን እንደ ተጠያቂው ይለያያል። በጎዳናው ላይ ሳይነሣ የቀረው በ1996 የቆመው የሪችመንዱ ተወላጅ የቴኒስ ተጫዋች የአርተር አሽ ሐውልት ነው፤ በሕፃናት ተከቦ በአንድ እጁ ራኬት፣ በሌላው መጻሕፍት ይዟል፤ መጻሕፍቱን ከራኬቱ ከፍ አድርጎ።